ጋባዡ ማንን ይጠራል? የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቦውል ጨዋታዎች እንግዳ እንዴት እንደሚመርጡ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል ከቀረበው ንግግር ተገልብጦ፣ በተናጋሪው ታይቶ የወጣ ጽሑፍ። የዓመት ቁጥሮች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)



በዚህ መድረክ እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። «ጠሪ አክባሪ ነው» ይባላል፤ እኔም እንደ ተከበርሁ ቆጥሬ መጥቻለሁ። የዛሬው ንግግሬ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህን አባባል ጥቂት የሚጠራጠር ነው። ስለ አንድ የግብዣ ሥርዓት እናገራለሁ፤ በዚያ ሥርዓት ተጋባዡ ሁልጊዜ ክብርን ሲቆጥር፣ ጋባዡ ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ሲቆጥር ኖሯል። ነገሩ የስፖርት ነገር ነው፤ እኔ ግን ስፖርተኛ አይደለሁም፣ የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበርሁ። በዲሴምበር መጀመሪያ በዋለ አንድ እሑድ፣ ቢሮ የምጋራው ባልደረባዬ ሥራውን ትቶ ሬዲዮ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ጨዋታ የለም፤ የሚጠብቀው ጥሪ ነበር። የዩኒቨርሲቲያችን የፉትቦል ቡድን በዚያ ዓመት 7 ጊዜ አሸንፏል። በዚያው ማኅበር ያለ ሌላ ቡድን 8 ጊዜ አሸንፏል፤ የእኛንም በገዛ ሜዳችን ረትቶታል። ማምሻውን ወሬው ተሰማ። ሞቃታማው የባሕር ዳርቻ ከተማ የእኛን ቡድን ጠራ፤ የረታን ቡድን ግን ማንም ወደማይመኘው ስፍራ ተላከ። «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄዬን እንደ ሕፃን ጥያቄ ቆጥሮ ሳቀና «የእኛ ሰው ይጓዛል» አለኝ። ይህች አጭር መልስ ለዓመታት ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ለማያውቀው ሰው ጥቂት ላብራራ። የምናገረው ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡና እየወረወሩ ስለሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል ነው። በከፍተኛው ምድብ የሚጫወቱት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ130 ይበልጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን በመደበኛው ወቅት የሚጫወቱት 12 ጨዋታ ብቻ ነው። እኛ በለመድነው የሊግ ሥርዓት ሁሉም ከሁሉም ጋር በደርሶ መልስ ይጋጠምና ሠንጠረዡ ራሱ ይፈርዳል። እዚያ ሠንጠረዥ ሊፈርድ አይችልም፤ አብዛኞቹ ቡድኖች እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ ወቅቱ ያልቃልና። ስለዚህ በገናና በአዲስ ዓመት ሰሞን «ቦውል» የሚባሉ የግብዣ ጨዋታዎች ይደረጋሉ። ወደ እነዚህ ጨዋታዎች ቡድን በውጤቱ ብቻ ሰተት ብሎ አይገባም። በር አላቸው፤ በበሩም ላይ የሚጠራ ሰው ቆሟል።

የበሩ ታሪክ የሚጀምረው ከካሊፎርኒያዋ ፓሳዲና ነው። ይህች ከተማ በየዓመቱ በጃንዋሪ 1 ቀን የአበባ ሰልፍ ታዘጋጅ ነበር። ዓላማው ምሥራቁ በበረዶ ተውጦ ሳለ «እኛ ዘንድ ጽጌረዳ ያብባል» ብሎ ጎብኚንና ነዋሪን መሳብ ነው። በ1902 ለሰልፉ ማድመቂያ የፉትቦል ግጥሚያ ተጨመረ። ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 ረታ፤ ጨዋታውም ሰዓቱ ሳይሞላ ቆመ። አዘጋጆቹ ፉትቦሉን እርግፍ አድርገው ተዉትና ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሠረገላ እሽቅድምድም ተኩበት። ፉትቦል ወደ ፓሳዲና የተመለሰው በ1916 ነው። ይህን ታሪክ የምወደው ነገሩን ስለሚያራቁተው ነው። ለአዘጋጆቹ ፉትቦልና ሠረገላ አንዱ በሌላው የሚለወጥ ዕቃ ነበር፤ ዋናው ነገር ሰው መምጣቱ ነው።

ዛሬ ያለው ስታዲየም በ1922 ተሠርቶ ከጎድጓዳ ሳህን ቅርጹ የተነሣ «ሮዝ ቦውል» ተባለ፤ ስሙም ከስታዲየሙ ወደ ጨዋታው፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ማያሚ ኦሬንጅ ቦውልን፣ ኒው ኦርሊንስ ሹገር ቦውልን፣ ኤል ፓሶ ሰን ቦውልን በ1935 ጀመሩ፤ በ1937 ዳላስ ኮተን ቦውልን አስከተለች። ብርቱካን፣ ስኳር፣ ፀሐይ፣ ጥጥ። ስሞቹን ስትሰሙ የከተሞቹን የንግድ ማስታወቂያ የምታነቡ አይመስላችሁም? ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር፤ የሆቴል አልጋዎች ባዶ ነበሩ።

ጋባዦቹ እንግዲህ የየከተማው ነጋዴዎችና የታወቁ ሰዎች ነበሩ። ደማቅ ኮት ለብሰው (የማያሚዎቹ ብርቱካናማ ነበር) በመጸው ወራት ከስታዲየም ወደ ስታዲየም እየዞሩ ቡድን ያያሉ። የሚያዩት ግን ሜዳውን ብቻ አልነበረም፤ መቀመጫውንም ያያሉ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ስንት ደጋፊ ይዞ ይመጣል? በባቡር ወይስ በመኪና? ስንት ሌሊት ያድራል? ካለፈው ዓመት በፊት መጥቶ ከነበረ ሰዉ ዳግመኛ ለመምጣት ይሰለቻል ወይ? በጣም ቅርብ ከሆነስ ጨዋታውን አይቶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ አይመለስም ወይ? አንድ ድል ያነሰው ነገር ግን 20 ሺህ ሰው የሚያስከትል ቡድን ለሆቴል ባለቤት የተሻለ እንግዳ ነው። «የእኛ ሰው ይጓዛል» ማለት ይህ ነው። በዚህ ላይ የምቆጣ እንዳይመስላችሁ። ድግሱ የእነርሱ ነው፤ ደጋሽ በገንዘቡ የፈለገውን ይጠራል። ችግሩ የሚመጣው ሀገር በሙሉ ይህን ጥሪ የብቃት ፍርድ አድርጎ ሲቆጥረው ነው።

ተጋባዡም እምቢ የማለት መብት ነበረው፤ ይህን ለመምህራን ጉባኤ መናገር ደስ ይለኛል። ኖትር ዳም በጃንዋሪ 1925 ሮዝ ቦውልን ተጫውቶ ካሸነፈ በኋላ እስከ 1969 የውድድር ወቅት ድረስ ወደ ማንኛውም ቦውል አልሄደም። ከዚህ የሚበልጠው ግን የኦሃዮ ስቴት ታሪክ ነው። በ1961 ቡድኑ 8 ጊዜ አሸንፎ፣ አንድ ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ወቅቱን ጨረሰ፤ ወደ ሮዝ ቦውልም የሚሄድበት በር ተከፈተለት። ጉዳዩ ለመምህራን ጉባኤ ቀረበ። መምህራኑ የዩኒቨርሲቲው ስም ከቤተ ሙከራና ከቤተ መጻሕፍት ይልቅ ከፉትቦል ጋር መያያዙ ያሳስባቸው ነበር። ድምፅ ተሰጠ፤ 28 ለ 25 «አይሄድም» ተባለ። በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች በኮሎምበስ ጎዳናዎች ላይ ወጥተው መምህራኖቻቸውን አወገዙ። በኦሃዮ ስቴት ፈንታ ሚኔሶታ ሄደና ዩ ሲ ኤል ኤን 21 ለ 3 አሸነፈ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሆነን ስንሰማው ያስቀናል፤ የመምህራን ድምፅ አንድን ሚሊዮን የሚያወጣ ጨዋታ ሊያስቀር የቻለበት ዘመን ነበር። በሌላ በኩል ግን እነዚያ 28 ሰዎች ዓመቱን በሙሉ የተጫወቱትን ወጣቶች አላማከሯቸውም። የተጫዋቾቹ ድምፅ በዚህ ታሪክ ውስጥ እስከ መጨረሻው ድረስ እምብዛም አይሰማም፤ ልብ በሉት።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እገባለሁ። ጋባዥ ማንን እንደሚጠራ ብቻ ሳይሆን ማንን እንደማይጠራም ይወስናል። ኦሬንጅ፣ ሹገር፣ ኮተን፣ ሦስቱም የዘር መለያየት ሕግና ልማድ በጸናበት በደቡብ ነበሩ። ስለዚህ ከሰሜን የሚመጣ እንግዳ ጥቁር ተጫዋች ካለው ጥሪው ቅድመ ሁኔታ ይኖረዋል። የቦስተን ኮሌጁ ሉ ሞንትጎመሪ በ1940 ከኮተን ቦውል፣ በ1941 ደግሞ ከሹገር ቦውል ውጭ እንዲሆን ተደረገ። ቡድኑ ጥሪውን ተቀበለ፤ ተጫዋቹን ተወ።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ሌላ ቡድን ሌላ መልስ ሰጠ። የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ1951 ዘጠኙንም ጨዋታ አሸነፈ። በመካከሉ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ፤ ኦሊ ማትሰንና በርል ቶለር። ሁለቱን ትቶ ቢመጣ በሩ እንደሚከፈትለት ቡድኑ ሰማ። ተጫዋቾቹ እምቢ አሉ፤ ነገሩ ብዙ ክርክር እንኳን አላስፈለገውም ይባላል። ጥሪ አልመጣም። ዩኒቨርሲቲው የቡድኑን ወጪ ሊሸከም ስላልቻለ በዚያው ዓመት ማብቂያ ፉትቦሉን ዘጋ። እዚህ ላይ የግብዣው ኢኮኖሚ በሙሉ ክብደቱ ይታያል፤ አንድ የቦውል ጨዋታ የሚያስገኘው ገንዘብ ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ነገር ነበር። ማትሰን በቀጣዩ ዓመት በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በሩጫ ሁለት ሜዳሊያ አገኘ። ቶለር ደግሞ በ1965 በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ። ከዚያ ቡድን ሦስት ሰዎች በሊጉ የዝና አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። ጋባዦቹ ያልፈለጉት እንግዳ እንዲህ ያለ እንግዳ ነበር።

በ1955 ማብቂያ ደግሞ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በሹገር ቦውል ከጆርጂያ ቴክ ጋር ሊጫወት ተጠራ። ፒትስበርግ ቦቢ ግሪየር የሚባል ጥቁር ተጫዋች ነበረው፤ ያለ እርሱ እንደማይመጣም አስታወቀ። የጆርጂያ አገረ ገዥ ማርቪን ግሪፊን በዲሴምበር የግዛቱ ቡድን እንዳይጫወት ጠየቁ። ወሩ ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዋን አልለቅም ያለችበት ወር ነው። የጆርጂያ ቴክ ተማሪዎች አገረ ገዥውን በመቃወም በአትላንታ ሰልፍ ወጡ። የብዙዎቹ ተማሪዎች ብስጭት ከእኩልነት ፍቅር ይልቅ ጨዋታው ይቀርብናል ከሚል ስጋት የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ታሪክ ንጹሕ ምክንያት እስኪገኝ አይጠብቅም። ጨዋታው ተደረገ፤ ጆርጂያ ቴክ 7 ለ 0 አሸነፈ፤ ግሪየርም ተጫወተ። በቀጣዩ በጋ ግን የሉዊዚያና ሕግ አውጪዎች ነጭና ጥቁር በአንድ የስፖርት ውድድር እንዳይሳተፉ ከለከሉ። ፍርድ ቤት በኋላ ሕጉን ቢሽረውም፣ ከ1957 እስከ 1964 ወደ ሹገር ቦውል የተጠሩት ቡድኖች በሙሉ የደቡብ ቡድኖች ነበሩ።

ይህን ክፍል ያስረዘምሁት ሆነ ብዬ ነው። አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ ወደ ጊዜ ጥያቄ።

በሀገራችን ባሕር ዛፍ በቁሙ ይሸጣል፤ ነጋዴም ሰብል ሳይታጨድ ዋጋ ይቆርጣል። ቀድሞ ደግሞ ልጆች ገና ነፍስ ሳያውቁ ይታጩ ነበር፤ ወላጅ «ሌላው ቀድሞኝ ደኅናውን ቤተሰብ ይወስድብኛል» ብሎ ይሰጋልና። አንዱ ሲቀድም ሌላው የበለጠ ይቀድማል፤ በመጨረሻ ሁሉም ገና ያልታወቀውን ነገር ይዋዋላል። በ2012 የኖቤል ሽልማት ከሎይድ ሻፕሊ ጋር የተቀበለው ኢኮኖሚስቱ አልቪን ሮዝ ይህን ዓይነት መሽቀዳደም ለብዙ ጊዜ አጥንቷል፤ ከሚጠቅሳቸው ምሳሌዎች አንዱም የቦውል ጨዋታ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ የስፖርት ማኅበር «ከዚህ ቀን በፊት ጥሪ ማቅረብ ክልክል ነው» እያለ ቀን ይቆርጥ ነበር። ቀኑ ራሱ ወቅቱ ሳያልቅ፣ በኖቬምበር ውስጥ የሚውል ነበር፤ እርሱም ቢሆን አልተከበረም። ኮት ለባሾቹ በጓሮ ይስማማሉ፤ በተቆረጠው ቀን የሚሆነው የታወቀውን ማወጅ ብቻ ነው።

የ1990ን ወቅት ተመልከቱ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን 7 ጨዋታዎች አሸንፎ በሀገሪቱ የደረጃ ሠንጠረዥ 1ኛ ሆነ። ሹገር ቦውል ወቅቱ ሳያልቅ ያዘው። ቨርጂኒያ ከቀሩት 4 የመደበኛ ወቅት ጨዋታዎች 3ቱን ተሸነፈ። ከረቱት አንዱ በዚያው ኮንፈረንስ ያለው ጆርጂያ ቴክ ነው፤ ኮንፈረንስ የምለው ዩኒቨርሲቲዎች በአካባቢና በጥቅም የሚቧደኑበትን ማኅበር ነው። ጆርጂያ ቴክ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ሆነ። ታዲያ በአዲስ ዓመት ቀን ትልቁ ድግስ ላይ የተቀመጠው ተሸናፊው ነበር፤ አሸናፊው ክብሩ ወደሚያንሰው ሲትረስ ቦውል ሄዶ ነብራስካን 45 ለ 21 ረታ። በወቅቱ መጨረሻ ጋዜጠኞች ኮሎራዶን፣ አሠልጣኞች ደግሞ በአንዲት ነጥብ ብልጫ ጆርጂያ ቴክን የሀገሪቱ ሻምፒዮን አሉ። ሁለቱ አልተጋጠሙም። ሊጋጠሙ የሚችሉበት ወንበር ለሌላ ተሰጥቶ ነበር።

ውሉ ራሱም ሌላ እስራት ነበረው። በ1984 ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ጨዋታ አሸንፎ ሳለ፣ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን በሳን ዲዬጎው ሆሊዴይ ቦውል እንዲጫወት ውል ስለ ነበረ፣ 6 አሸንፎ 5 ከተሸነፈው ሚሺጋን ጋር ተጋጠመ፤ 24 ለ 17 ረታው። የሀገሪቱ ሻምፒዮን ተብሎም ተሰየመ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ከ1992 ጀምሮ ትላልቆቹ ቦውሎችና ኮንፈረንሶች ምርጫውን ወቅቱ እስኪያልቅ ለማዘግየት ደረጃ በደረጃ ተስማሙ፤ በ1998 ደግሞ የጋዜጠኞችንና የአሠልጣኞችን ድምፅ ከኮምፒዩተር ስሌት ጋር የሚደምር ሥርዓት ተከሉ። ጊዮም ፍሬሼት፣ ሮዝና ኡትኩ ኡንቨር በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ምርጫው ሲዘገይ ምርጦቹ ቡድኖች የመገናኘታቸው ዕድልና የቴሌቪዥን ተመልካቹ ቁጥር መጨመሩን አሳይተዋል። ይህ ለእኔ የጥናቱ ደስ የሚለው ክፍል ነው። ጋባዦቹ ለዓመታት ተሽቀዳድመው የጎዱት ራሳቸውን ጭምር ነበር። ሆኖም ያስታረቃቸው ምን እንደ ነበር አትርሱ። የእውነት ፍቅር አልነበረም፤ አሁን ከሆቴሉ አልጋ የበለጠ የሚከፍል ቴሌቪዥን መጥቶ ነበር። ጋባዡ የሚቆጥረው ነገር ተለወጠ እንጂ መቁጠሩን አልተወም።

በዚህ ዘመን የነበረውን የትኬት ነገር ካላነሣሁ የሂሳብ ሰዎች ይታዘቡኛል። ተጠሪው ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሺህ ትኬት ገዝቶ ለደጋፊው እንዲሸጥ በውል ይገደዳል፤ ካልሸጠ ኪሳራው የራሱ ነው። በ2011 የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ወደ አሪዞናው ፊየስታ ቦውል ሲጠራ 17,500 ትኬት ወሰደ። መንገዱ ረጅም፣ ተጋጣሚው ኦክላሆማ ብርቱ፣ ትኬቱም በሌላ ቦታ ርካሽ ነበር። ቡድኑ 48 ለ 20 ተሸነፈ፤ ዩኒቨርሲቲው ከጉዞው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ ተመለሰ። እንግዳ ሆኖ የድግሱን ወጪ መክፈል ማለት ይህ ነው።

ከ2014 ጀምሮ ለሻምፒዮንነት የሚጫወቱትን የሚለየው 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው፤ በመጀመሪያ 4 ቡድን ይመርጥ ነበር፣ ከ2024 ወዲህ 12 ይመርጣል። የቀሩት ቦውሎች አሁንም በውል ይሠራሉ፤ ይህ ቦውል ከዚህ ኮንፈረንስ ከዚያኛው ቀጥሎ ይመርጣል እየተባለ ተራ ይያዛል። አንዳንድ ኮንፈረንሶችም ቦውሎቹን አማክረው ቡድናቸውን ራሳቸው ይመድባሉ። ተማሪዎቻችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ካለፉ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ምርጫቸውን ሞልተው የመንግሥትን ምደባ ሲጠባበቁ የነበረውን ስሜት ካስታወሱ፣ ያን እሑድ የባልደረባዬን ፊት በጥቂቱ ሊገምቱት ይችላሉ። ልዩነቱ፣ የእናንተ ምደባ ቢያንስ ውጤታችሁንና ምርጫችሁን የሚያይ መሆኑ ነው።

ኮሚቴ ሲመጣ የጋባዡ ስሌት ጠፋ ወይ? ሁለት ዓመታትን ላጎራብት። በኖቬምበር 1973 ሚሺጋንና ኦሃዮ ስቴት ሁለቱም ሳይሸነፉ ተጋጥመው 10 ለ 10 ተለያዩ። ያኔ ኮንፈረንሳቸው ከሮዝ ቦውል በቀር ሌላ ቦውል አይፈቅድም ነበር፤ ስለዚህ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ቤቱ ይቀራል። በጨዋታው የሚሺጋን ጨዋታ መሪ ዴኒስ ፍራንክሊን የአንገት ማጭድ አጥንቱ ተሰበረ። የኮንፈረንሱ የስፖርት ኃላፊዎች 6 ለ 4 ድምፅ ሰጥተው ኦሃዮ ስቴትን ላኩ፤ የተሰበረው አጥንት ድምፁን እንዳጋደለው በሰፊው ታመነ። ሚሺጋን አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ቤቱ ዋለ። ቁጣው ስለበረታ ከ1975 ወቅት ጀምሮ ኮንፈረንሱ ሌሎች ቦውሎችንም ፈቀደ።

ልክ በ50 ዓመቱ፣ በ2023፣ ፍሎሪዳ ስቴት 13ቱንም ጨዋታ አሸንፎ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ሆነ። የእርሱም ጨዋታ መሪ ጆርዳን ትራቪስ በኖቬምበር እግሩ ተሰብሮ ነበር። ኮሚቴው አንድ ጊዜ የተሸነፈውን አላባማን በ4ኛው ወንበር አስቀመጠ፤ ፍሎሪዳ ስቴት 5ኛ ሆኖ ወደ ኦሬንጅ ቦውል ተላከ። ኮሚቴው የሰጠው ምክንያት ቡድኑ ያለ ትራቪስ ያው ቡድን አይደለም የሚል ነበር። ክርክሩን በጥንቃቄ ተመልከቱት። ያለፈውን ሥራ መሸለም አንድ ነገር ነው፤ የሚመጣው ጨዋታ ምን ያህል ጥሩ እንደሚሆን መገመት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የዳኛ ሳይሆን የደጋሽ ጥያቄ ነው። የ13ቱን አባላት ቅንነት አልጠራጠርም፤ በመካከላቸው የሆቴል ባለቤት የለም። ነገር ግን ጥያቄው ከፓሳዲናና ከማያሚ ኮት ለባሾች የተወረሰ ይመስለኛል፤ ኮታቸውን አውልቀው የተዉትን ወንበር ስንቀመጥበት ሙቀቱ ገና አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለጋባዦቹ ትምህርት መሆን ነበረበት። ብዙ የፍሎሪዳ ስቴት ተጫዋቾች በኦሬንጅ ቦውል አልተሰለፉም፤ ቡድኑም በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸነፈ። አንዳንዶች «ኮሚቴው ልክ ነበር» አሉ። እኔ ይህን ማስረጃ አልቀበለውም፤ የተሸነፈው ያ 13 ጊዜ ያሸነፈው ቡድን አልነበረምና። ከቦውል ራስን ማግለል የታወቀ ነገር የሆነው በ2016 ወቅት፣ ሌናርድ ፉርኔትና ክርስቲያን ማካፍሪ የፕሮፌሽናል ሕይወታቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ ሲሉ የቦውል ጨዋታቸውን ሲተዉ ነው። በኮሎምበስ የ28 ለ 25 ድምፅ ሲሰጥ ያልተሰማው የተጫዋች ድምፅ ይኸው በዚህ መንገድ መሰማት ጀመረ።

ከታች ያለውን ወለል ደግሞ እዩ። ቦውል በበዛ ቁጥር እንግዳ ይጠፋል። ደንቡ ቢያንስ 6 ድል ይጠይቃል፤ ከ12 ጨዋታ ግማሹ ማለት ነው። በ2015 ግን 40 ቦውሎች 80 ቡድን ሲፈልጉ ብቁ የሆኑት 3 ጎደሉ። ጎዶሎው 5 ድል ብቻ ካላቸው ቡድኖች መካከል የተጫዋቾቻቸው የትምህርት እድገት መለኪያ ከፍ ያለው ቅድሚያ እያገኘ ተሞላ። ነብራስካ፣ ሚኔሶታና ሳን ሆሴ ስቴት በዚህ በር ገቡ፤ ሦስቱም ጨዋታቸውን አሸነፉ። መምህር እንደ መሆኔ ይህን ስሰማ ፈገግ ብያለሁ። በዚህ ሁሉ የመቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ የተማሪ ትምህርት እንግዳን የመረጠበት አንዱ በር ይህ ነው፤ እርሱም የሚከፈተው ሌላ እንግዳ ሲጠፋ ብቻ ነው። ዛሬ ከደርዘን በላይ የሚሆኑት ቦውሎች ንብረትነታቸው የቴሌቪዥን ጣቢያው የኢ ኤስ ፒ ኤን ነው። መቀመጫው ግማሽ ባዶ ቢሆንም በገና ሰሞን ቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ድግሱ አይታጠፍም።

በዲሴምበር 2025 ኮሚቴው 12ቱን ሲያሳውቅ ኖትር ዳም ከበሩ ውጭ ቀረ፤ ከእርሱ በላይ ሚያሚ ገባ። ኖትር ዳም ወደ ሌላ ቦውል ቢጠራም አልሄድም አለ። በዚያው ሰሞን 5 ድል ብቻ የነበራቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችም የቀረበላቸውን ክፍት ቦታ አልፈለጉትም፤ ጋባዦቹ ስልክ እየደወሉ እንግዳ ሲፈልጉ ሰነበቱ። ከሮዝ ቦውሉ ከ1925 በኋላ ኖትር ዳም ሲቀር ምክንያቱ የትምህርትና የወቅቱ ርዝመት ነበር፤ በ2025 ሲቀር ምክንያቱ ቅያሜ ነው። ሁለቱን እምቢታዎች እኩል አላያቸውም። ነገር ግን ለእኔ ምርምር አዲስ ጥያቄ ከፍተውልኛል፤ እስካሁን የሠራነው ሞዴል ሁሉ ጋባዡ እንደሚመርጥ፣ ተጋባዡም እንደሚቀበል የሚያስብ ነበርና። አሁን የሁለቱንም ወገን ምርጫ ከእንደገና መጻፍ አለብን፤ በዚህ ላይ ለመሥራት የሚፈልግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ካለ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ቢያነጋግረኝ ደስ ይለኛል።